የጓዳ መድኃኒት ልክ አለው፦ «ኢንፍሉዌንዛን በ3 ቀን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ኢንፍሉዌንዛ ማለት ያው የምናውቀው ጉንፋን ነው፤ ሐኪም ቤት መሄድ ገንዘብ መበተን ነው፤ ጓዳ ውስጥ ባለው ነገር በ3 ቀን ተጠራርጎ ይወጣል ይላል። ከዚያም ምክሩን ይደረድራል፦ በባዶ ሆድ 10 ፍሬ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሰል ላይ በተጣደ ድስት የባሕር ዛፍ እንፋሎት፣ አንድ ብርጭቆ የዳማከሴና የጤና አዳም ጭማቂ፣ ለጨቅላ ሳይቀር ማር፣ ብርድ ልብስ ደራርቦ ማላብ፣ ማታ አረቄ፣ ቤቱን ማጠን። ፓራሲታሞል «ኬሚካል» ስለሆነ ይቅር፤ አሞክሳሲሊን ግን «ለማንኛውም» ይጀመር።

ሁሉም ነገር ስሕተት ቢሆን ኖሮ ምላሽ ባላስፈለገ። ዝንጅብል በማር የጠጣ ሰው ጉሮሮው ይለሰልሳል፤ ዳማከሴ ያሸተተ ሰው ቀለል ይለዋል። ይህን የሚክድ የለም። ጸሐፊው የሳቱት ማስታገስንና ማዳንን አንድ አድርገው መውሰዳቸው ላይ ነው። አንድ ነገር ያድናል ከተባለ ብዙ ሲሆን የበለጠ ያድናል የሚል ሐሳብ ይከተላል፤ ከስኒ ወደ ብርጭቆ፣ ከ2 ፍሬ ወደ 10 ፍሬ የተኬደውም በዚህ መንገድ ነው። ነጥቦቹን በቀረቡበት ተራ እንያቸው።

«ያው ጉንፋን ነው»

አይደለም። ጉንፋን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ጉሮሮ ይከረክራል፣ አፍንጫ ይፈሳል፣ ያስነጥሳል፤ ሰውዬው እያጉረመረመም ቢሆን ሥራው ይውላል። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው ደግሞ ጠዋት ደህና ወጥቶ ከሰዓት በኋላ አጥንቱ እየተቆረጣጠመ አልጋ ላይ ይወድቃል። ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳቱ 39 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይወጣል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ደረቅ ሳል ይይዘዋል። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2ኛው ቀን ግድም ነው። ታማሚው ራሱ መታመሙን ሳያውቅ ከ1 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከታመመም በኋላ እስከ 5 እና 7 ቀን ድረስ ለሌላው ያስተላልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰው በዚህ በሽታ የተነሳ በሚመጣ የመተንፈሻ አካል ችግር እንደሚሞት ይገምታል። በተራ ጉንፋን እንዲህ ያለ ቁጥር አይወጣም።

«በ3 ቀን» የሚለው ተስፋ ከየት እንደመጣ መገመት ቀላል ነው። ጤነኛ ወጣት ኢንፍሉዌንዛ ሲይዘው ትኩሳቱ ምንም ሳይወስድ በ3 ወይም በ4 ቀን ይወርዳል። በዚያ መካከል የጠጣው ነገር ሁሉ፣ ነጭ ሽንኩርትም ይሁን አረቄ፣ ምስጋናውን ይወስዳል። ሳሉና ድካሙ ግን 2 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ጽሑፉ ስለዚህ አንድ ቃል የለውም።

በእኛ አገር ከዚህ የሚብስ ስሕተት አለ። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ሲመጣ «ምች ነው» ወይም «ጉንፋን ነው» ብሎ ቤት መቀመጥ። ወባም እንደዚሁ ነው የሚጀምረው። ተስቦም፣ ግርሻም፣ ታይፎይድም። ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል የምች ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ቁስሉን የሚያመጣው ግን ሰውነት ውስጥ አድፍጦ የሚኖር ሌላ ቫይረስ ነው፣ ማንኛውም ትኩሳት ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ የትኛው በሽታ እንደሆነ አይነግረንም። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ቆላ ደርሶ የመጣ፣ መተማም ይሁን ጋምቤላ፣ አዋሽም ይሁን አርባ ምንጭ፣ ትኩሳት ከያዘው ድስት ከመጣዱ በፊት በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ያድርግ። ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም በ20 ደቂቃ ግድም ይታወቃል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ

ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ አሊሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ ያ የሚሰነፍጠው ሽታ የሱ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ በሳህን ላይ ጀርሞችን ይጎዳል፤ እስከዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ሰው ሲበላው ግን አሊሲኑ ሆድ ውስጥና ጉበት ውስጥ ቶሎ ይፈራርሳል፤ ቫይረሱ የሚራባበት የመተንፈሻ ቱቦ ዘንድ እንደ አሊሲን አይደርስም። በሰው ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 146 ሰዎች ለ12 ሳምንት የተሳተፉበት ነው። ነጭ ሽንኩርት በእንክብል የወሰዱት 24 ጊዜ፣ ባዶ እንክብል የወሰዱት 65 ጊዜ ጉንፋን ያዛቸው። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ጥናቱ አንድ ነው፣ ስለ ጉንፋን ነው፣ ሳይታመሙ በፊት ስለ መከላከል ነው። ኢንፍሉዌንዛ የያዘውን ሰው ስለማዳን አይናገርም።

10 ፍሬ ጥሬ በባዶ ሆድ የበላ በሽተኛ የሚያገኘው የጨጓራ ቃጠሎ፣ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ ነው። ምግብ ያስጠላውና በትኩሳት ውሃ እያጣ ያለ ሰው ላይ ይህን መጨመር ጥቅሙ አይታይም። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ መጠን ለመድማት ያጋልጠዋል። ደቁሶ የሕፃን ደረት ወይም እግር ላይ ማሰር ቆዳ ያቃጥላል፤ እንደ እሳት ውሃ ይቋጥራል።

ልኩ ይህ ነው፦ 1 ወይም 2 ፍሬ ደቁሶ ለ10 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ ሊወርድ በደረሰ የዶሮ ወይም የምስር ሾርባ ላይ መጣል። ሾርባው ራሱ ውሃና ጨው ነው፤ ሰውነት አጥብቆ የሚፈልገውም እሱን ነው። ለዝንጅብል የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል ቆርጦ በ2 ብርጭቆ ውሃ ለ10 ደቂቃ ማፍላት በቂ ነው። ጨጓራ ያለበት ሰው ያቅጥነው። ሎሚ ጣዕሙ ይጣፍጥ እንጂ ቫይታሚን ሲ ከታመሙ በኋላ ቢጀመር በሽታውን እንደሚያሳጥር አልታየም። ዘወትር የሚወስዱ ሰዎች ጉንፋናቸው በአማካይ በ8 በመቶ አጥሯል፤ በአንድ ሳምንት ሲሰላ ግማሽ ቀን ግድም መሆኑ ነው።

እንፋሎቱና ከሰሉ

ከጽሑፉ ሁሉ አስፈሪው ክፍል ይህ ነው። ድስቱን ከሰል ላይ እንደተጣደ መኝታ ቤት አስገቡ፣ በርና መስኮቱን ዝጉ፣ ሕፃኑን አቅፋችሁ ብርድ ልብስ ተከናነቡ ይላል። በአንድ አረፍተ ነገር ሁለት አደጋ።

መጀመሪያ ቃጠሎው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይሞላ፣ 92 አካባቢ ሲደርስ ነው። ይህ ግን ቆዳ ለመግፈፍ ከበቂ በላይ ነው። አደጋው የሚደርሰው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፦ ድስቱ በሁለት እግር መካከል ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ሕፃኑ በሙቀቱና በጨለማው ይፈራገጣል፣ እግሩ ወይም የብርድ ልብሱ ጫፍ ድስቱን ይስበዋል፣ ውሃው ጭንና ብልት ላይ ይፈሳል። ለዚህ ሁሉ የሚገኘው ጥቅም ደግሞ ጥቂት ነው፤ እንፋሎት የታፈነ አፍንጫን ለጊዜው ይከፍት ይሆናል እንጂ በሽታውን እንደሚያሳጥር በጥናት አልተረጋገጠም።

ሁለተኛው ከሰሉ ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቀውም ኦክስጅን ከሚጣበቀው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው። «ፍሙ በደንብ ከቀላ፣ ጭሱ ካለቀ አይጎዳም» የሚባለው ብዙ ቤት ያፈረሰ አባባል ነው፤ የሚገድለው ጋዝ ጭስ ባይታይም አለ። የሚያሳስተው ደግሞ ምልክቱ ኢንፍሉዌንዛ መምሰሉ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር። መለያው ትኩሳት አለመኖሩ፣ ቤት ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ላይ መታመማቸውና ደጅ ሲወጡ ቀለል ማለቱ ነው። እንዲህ ሲሆን ምርመራ ሳይጠበቅ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያ ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። በሽተኛ ብርድ ብርድ ስላለው ብቻ ምድጃ አጠገቡ አስቀምጦ መተኛት በየክረምቱ ሰው የሚያልቅበት ነገር ነው።

እንፋሎቱ ይቅርብኝ የማይል አዋቂ ካለ እንዲህ ያድርገው። ውሃውን በረንዳ ወይም ወጥ ቤት ያፍላ። ሰፋ ያለና የማይገለበጥ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ውሃውን ይገልብጥበት፣ 5 ወይም 6 ቅጠል ነጭ ባሕር ዛፍ ይጣልበት፣ 5 ደቂቃ ይጠብቅ። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይተንፍስ። ሕፃን በአካባቢው አይኑር። የባሕር ዛፍ ዘይት ግን ከቅጠሉ የተለየ ነገር ነው፤ ተጣርቶ የወጣ ስለሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የዋጠ ሕፃን ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። አይጠጣም፣ አፍንጫ ውስጥም አይንጠባጠብም።

የሕፃን አፍንጫ ሲታፈን ከእንፋሎት የሚሻለው የጨው ውሃ ነው። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ 250 ሚሊ ሊትር ግድም፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት፤ ከመጥባቱ ወይም ከመብላቱ በፊት በየአፍንጫው 2 ጠብታ። በማግስቱ አዲስ ይዘጋጃል፣ ያደረው ይደፋል።

ዳማከሴና ጤና አዳም

ዳማከሴን በሚመለከት ጸሐፊው ከሚያውቁት በላይ ሊሉለት ይችሉ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የታተመ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናት፣ በውሃና በአልኮል የተዘጋጀ የቅጠሉ ጭማቂ የአይጦችን ትኩሳት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እናቶች ያለምክንያት አልያዙትም ማለት ነው። ግን አይጥ አይጥ ነው፤ ለሰው ስንት ጠብታ፣ ስንት ጊዜ፣ ለየትኛው ዕድሜ የሚለው በዚያ አይመለስም። ትኩሳት ማውረድና ቫይረስ ማጥፋትም ሁለት ነገር ናቸው።

በተለመደው መንገድ የሚወሰደው፣ ማለትም እፍኝ የማይሞላ ቅጠል በመዳፍ አሽቶ ጥቂት ጠብታ ቡና ላይ መጭመቅ፣ ለአዋቂ የሚያስፈራ ነገር የለውም። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ንጽሕና፤ ጭማቂው አይፈላም፣ ስለዚህ ከመንገድ ዳር ወይም ከቦይ አጠገብ የተቀጠፈ ቅጠል ሳይታጠብ ሲጨመቅ የሚመጣው ተቅማጥ ነው። በሚጠጣ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ማጥለል። ሌላው አፍንጫ ውስጥ መጭመቅ ነው። ሕፃን ሲያለቅስ ጭማቂው ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ የታመመውን ሳንባ ያስቆጣዋል። ማሽተት ይበቃል።

ጤና አዳም ላይ ግን «አንድ ብርጭቆ» ማለት ከባድ ነው። ቡና ላይ የምትጣል ቅንጣቢ ቅመም ናት፤ የተጨመቀ ብርጭቆ ሙሉ ደግሞ ማሕፀን የሚያኮማትር፣ ጉበትና ኩላሊትን የሚጎዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ነፍሰ ጡር ጨርሶ አትጠጣው። ኢንፍሉዌንዛ ራሱ ነፍሰ ጡርን ከሌላው አብልጦ ስለሚያጠቃ፣ ይህን ምክር የምትሰማው እሷ ናት፤ ጽሑፉ ግን አንድም ማስጠንቀቂያ አላስቀመጠላትም። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ይቋጥራልና ደረትና ግንባር ቀብቶ ደጅ መቀመጥም ይቅር።

ማር

እዚህ ላይ ጸሐፊውን በግማሽ እንስማማቸዋለን። ማር የልጆችን የሌሊት ሳል እንደሚያስታግስ በጥናት የታየ ነው፤ ከመኝታ ግማሽ ሰዓት በፊት ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ መስጠት ጥሩ ነው፣ ብዙዎቹን የሳል ሽሮፖች ያስንቃል። ግን ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላ ልጅ ጠብታ ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ የአንድ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ የጨቅላ አንጀት ገና ስላልጠነከረ ዘሩ እዚያ ይበቅልና መርዝ ያመነጫል። ልጁ ሰገራው ይደርቃል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ አንገቱ ይዝላል፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። «አፍልተን ብንሰጥስ?» ለሚል፣ ዘሩ በቤት ውስጥ መፍላት አይሞትም፤ በ92 ዲግሪማ ጭራሽ።

ትኩሳትን በላብ ማስወጣት፣ ፓራሲታሞልን መተው

ትኩሳት ሰውነት የሚከላከልበት መንገድ ነው የሚለው እውነት ነው። 38 ዲግሪ ሆኖ የሚጫወትና የሚጠጣ ልጅ መድኃኒት አያስፈልገውም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ግን አይያያዝም። ላብ የሚያቀዘቅዘው ከቆዳ ላይ ሲተን ነው፤ 3 ብርድ ልብስ ሥር መተን አይችልም፣ ስለዚህ ሰውዬው ይረጥባል እንጂ አይቀዘቅዝም፣ የሚያጣው ውሃና ጨው ብቻ ነው። ሲያንቀጠቅጠው አንድ ጋቢ ይልበስ፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም ይግለጠው። ሕፃን በስስ ልብስ ይሁን።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ አንዳንድ ልጅ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል። በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት ማየት። ለሚጥል በሽታ እንደሚደረገው ክብሪት ጭሮ ማሽተት እዚህም አይሠራም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ከተደገመ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ቢቆምለትም ይታይ።

ፓራሲታሞል ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራም ፍሬ ከሆነ 1 ወይም 2 በየ6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ጉበት ያመመው፣ ዘወትር የሚጠጣ ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ከዚህ ማነስ ስላለበት ፋርማሲስቱን ይጠይቅ። ስሕተቱ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ነው። «የጉንፋን ፍሬ» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ሰው እጥፉን ዋጠ ማለት ነው። ሣጥኑ ላይ ያለውን ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው።

ለልጅ የሚሰላው በኪሎ ነው፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢበዛ 150 ሚሊ ግራም ይወስዳል። አሁን ጠርሙሱን ይመልከቱ። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚል ሽሮፕ ከሆነ 6 ሚሊ ሊትር ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የሚል የጨቅላ ጠብታ ከሆነ ግን 1 ሚሊ ሊትር ተኩል ብቻ። ጠብታውን እንደ ሽሮፕ በሻይ ማንኪያ የሰጠ ሰው በአንድ ጉርሻ 500 ሚሊ ግራም አጠጣ ማለት ነው። የቤት ማንኪያ መጠኑ አንድ አይደለምና መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይለካ። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ከያዘው መድኃኒት ሳይሰጡ ሐኪም ይየው።

አስፕሪን ከ18 ዓመት በታች ላለ የኢንፍሉዌንዛ ታማሚ አይሰጥም። ጉበትና አንጎልን የሚጎዳ፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት ግን ገዳይ የሆነ ችግር ያመጣል።

አረቄና ጭስ

አልኮል እጅ ላይ ያለውን ቫይረስ ስለሚገድል ጉሮሮ ውስጥም ይገድላል የሚለው ስሌት አያስኬድም። ቫይረሱ የመተንፈሻ ቱቦ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ነው የሚራባው፤ አረቄው የሚወርደው ደግሞ በሌላ ቱቦ ነው። የሚያመጣው ውሃ ማጣትና ከፓራሲታሞል ጋር ሲሆን የጉበት ጉዳት ነው።

ስለ ጭስ ጸሐፊው ታሪክ ጠቅሰዋል፤ አባቶቻችን የኅዳር በሽታን በጭስ አባረሩት፣ ለዚህም ኅዳር 12 ቀን ይታጠናል ይላሉ። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. የገባው፣ በዓለም ላይ በሚሊዮኖች የጨረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ያኔ ራስ ተፈሪ የነበሩት ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ነገር ግን ታሪኩ ለጸሐፊው የሚመሰክር አይደለም። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ በባሕር ዛፍ የተሸፈነች ነበረች፤ ነጭ ሽንኩርትም ማርም ከገበያ አልጠፋም፤ ምድጃ የሌለው ቤት አልነበረም። በሽታው ግን ገባ፣ ቤት ለቤት ዞረ፣ የሚይዘውን ያህል ይዞ ወረደ። ሰፈር ማጽዳቱ መልካም ልማድ ነው። ቆሻሻ፣ በተለይ ፕላስቲክ፣ ማንደድ ግን ሳል ላይ ያለውን ሳንባ ይቀጠቅጠዋል፤ አስም ያለበትን ደግሞ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ያሳድረዋል። ቫይረሱን ከቤት የሚቀንሰው መስኮት መክፈት፣ በሽተኛውን ለብቻ ማስተኛት፣ አስታማሚዋና በሽተኛው ማስክ ማድረጋቸው፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

አሞክሳሲሊን «ለማንኛውም»

ፓራሲታሞልን ኬሚካል ብሎ አስጥሎ አሞክሳሲሊን ማስጀመር ግራ ያጋባል። አሞክሳሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ግድግዳውን እንዳይገነባ በማድረግ ነው፤ ቫይረስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው የሚነካው ነገር የለም። የሚነካው ሆድ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው፤ ከሞት የተረፉት ደግሞ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ፀረ ባክቴሪያ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ታማሚው ተሽሎት ትኩሳቱ ጠፍቶ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ከነደደ፣ አክታው ከወፈረ፣ ደረቱን ከወጋው፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ያኔ ሐኪም መርምሮ ያዛል። ገና በመጀመሪያው ቀን 6 ፍሬ ወስዶ የተወ ሰው ለዚያ ቀን ራሱን አላዘጋጀም።

ለኢንፍሉዌንዛ ራሱ የተሠራ መድኃኒት አለ፤ ኦሴልታሚቪር ይባላል፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ነው፣ የበለጠ የሚጠቅመውም ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ለአረጋዊ፣ ለአስም፣ ለስኳር፣ ለልብና ለኤች አይ ቪ ታማሚ «3 ቀን በጓዳ እንሞክር» ማለት ይህንን ጊዜ ማቃጠል ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ከ6 ወር ሕፃን ጀምሮ የሚሰጠው ክትባት በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት ግድም ይደርሳል፤ ከአገር ቤት የተላከ ዳማከሴ እሱን አይተካም።

ጽሑፉ የዘለለው

ይህ ሁሉ ተብሎ፣ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው አብዛኛው ሰው ቤቱ ተኝቶ ነው የሚድነው። ቤት ውስጥ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ግን በጽሑፉ ውስጥ የለም፦ ማጠጣት። አጥሚት፣ የቀጠነ የበሶ ብጥብጥ፣ ሾርባ፣ ሻይ፤ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት መጎንጨት አንድ ጊዜ ብዙ ጠጥቶ ከማስመለስ ይሻላል። የሚያስመልሰው ወይም የሚያስቀምጠው ከሆነ ኦአርኤስ የሚባለው በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፤ ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለቱም በማንኪያው አፍ ልክ ተስተካክለው። ቀምሰውት ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ይደፋ። ልክ መሆኑን ሽንት ይናገራል፦ ነጣ ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም 8 ሰዓት ሙሉ ካልመጣ አነሰ።

አዋቂው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከጨመቀው፣ ከተቀባዠረ ወይም ቆሞ መሄድ ካቃተው ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ። ልጅ ግን አይናገርም፤ ትንፋሹን መቁጠር ያስፈልጋል። በሚያለቅስበት ወይም በሚጠባበት ጊዜ አይቆጠርም፤ ዝም ሲል ወይም ሲተኛ ልብሱን ከፍ አድርጎ ሆዱን ማየት፣ ስልክ ላይ 60 ሰከንድ መሙላት፣ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ብሎ መቁጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 11 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከሰረገ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መጥባት ካቆመ ቁጥሩ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ድስቱ ከምድጃ ይውረድ፣ ልጁ በጋቢ ይታቀፍ፣ መኪና ይጠራ።